ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሰው

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እግርሽን እንቅፋት፣ ዐይንሽን ጉም አይንካብኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ግን ለወጉ ነው፤ ተናድጃለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ደብዳቤ የለም። እናትሽ "ሥራ በዝቶባት ነው" ትለኛለች። ምን ሥራ? ሰው ሁሉ "የእህትህ ልጅ ባሕር ማዶ ምን ትማራለች?" ሲለኝ ድሮ "ሕክምና" ብዬ እገላገል ነበር። ባለፈው በስልክ አንቺው ራስሽ "ሕክምና አይደለም አጎቴ፣ ሴል ውስጥ ሥራ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ነው የማጠናው" አልሽኝና መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ያለውን? ያለቀ ሥራ ምን ይጠናል?

ማታ ተኝቼ ግን አሰብኩት። እኔስ ምንድን ነኝ? አንቺ ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልድገምልሽ፣ የሚያውቅልኝ ሰው ጠፍቷልና። አናጺው ጣውላውን ገጣጥሞ ካሳ ይሠራል። አርማታ ይሞላበታል። ያን ቀን ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ሁሉም ፎቶ ይነሣል። ሲደርቅ እኔ እመጣለሁ። የኮለኑ፣ የምሰሶው ማለት ነው፣ ካሳ ሁለት ግማሽ ነው፤ መሃል ለመሃል ብረቴን አስገብቼ ሳልሰብር አላቅቀዋለሁ። ሚስማሩን እነቅላለሁ፣ ጣውላውን ፍቄ ዘይት እቀባውና ለሚቀጥለው ኮለን አስረክባለሁ። አንድ ጣውላ በኔ እጅ አሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በሌላ ሰው እጅ ሦስቴ ከሠራ ተመስገን ነው።

አሁን አዲስ የሳይት ኃላፊ መጥቶብናል። ሠራተኛው "ቶሎ ቶሎ" ብሎታል። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ሲባል አልሰማም መሰል፣ ስሙን በፊቱ ሲጠሩት ይስቃል። ባለፈው ሰኞ በሰው ፊት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንተ እኮ ጽዳት ነህ።" ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን! ደሜ ፈላ። ጽዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ የተናገረበት አፍ ነው ያንገበገበኝ።

እንግዲህ የምትማሪውን በኔ ቋንቋ አስረጂኝ። ጓንትም ላኪልኝ፣ የግራው ቶሎ ነው የሚያልቅብኝ።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 8 ቀን

ለማከብርዎትና ለሚናፍቁኝ አጎቴ፤

ቁጣዎ ከነፖስታው ደርሶኛል። ጤናዎ እንደ ቁጣዎ ይሁንልኝ። ስለ መዘግየቴ በእግርዎ ወድቄያለሁ።

በእርስዎ ቋንቋ ካሉኝማ ይኸውልዎት፤ ሴል ውስጥም ካሳ አለ። ሪቦዞም ይባላል። እሱም ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ረጅም ክር ላይ ይገጥማሉ። ክሩ ላይ ምን እንደሚሠራ ተጽፏል፤ የእናንተ ንድፍ ማለት ነው። ሪቦዞሙ ክሩን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ሥጋችንም፣ ደማችንም፣ ይህን የምጽፍበት እጄም ከዚያ ነው። ንባቡ መጨረሻ ላይ "አቁም" የሚል ምልክት አለ። እዚያ ሲደርስ አንድ ለቃቂ ይመጣና ያለቀውን ፕሮቲን ያስለቅቃል። ፕሮቲኑ ወደ ሥራው ይሄዳል።

መጽሐፉ ሁሉ እዚህ ላይ ያጨበጭባል። ካሳው ግን ክሩን እንደነከሰ ቆሟል! ያን ጊዜ ነው ፈቺው የሚመጣው። እውነቴን ነው አጎቴ፣ ፈቺ አለው። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ፣ ብረትና ድኝ፤ እየቀለድኩ አይደለም። በዚያ ብረት ባለበት ጎኑ መሃል ለመሃል ይገፋና ሁለቱን ክፍል ያለያያቸዋል። ከዚያ ሄደው ሌላ ክር ላይ እንደገና ይገጥማሉ። ሴል ሪቦዞሙን አንዴ ሠርቶበት አይጥልም። እኔ በዳቦ እርሾ ላይ ነው የምሠራው። ፈቺውን አሳንስና ምን እንደሚበላሽ አያለሁ።

የእርስዎን ንዴት ሳነብ የራሴ ተነሣብኝ። የኛ ፕሮፌሰርም ይህን ሥራ "ጽዳት" ነው የሚለው። በዚያ ላይ ፈቺው ባነሰበት እርሾ ውስጥ "አቁም" ከሚለው ምልክት ወዲያ ጥቃቅን ነገር እያገኘሁ ነው፣ ማንም ያላዘዘው ቁርጥራጭ። እሱ "ቆሻሻ ነው፣ እጅሽን ታጠቢና ድገሚው" ይለኛል። ስምንት ጊዜ ደገምኩት። ስምንቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ አለ። ሰው እጁን ስንት ጊዜ ይታጠባል? ባለፈው ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ፤ አደራ።

ጓንቱን ልኬያለሁ። ለብቻው ግራ ግራውን ስጠኝ ብለው ሻጩ ሳቀብኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 21 ቀን

ለልጄ፤

ያለቀስሽበትን ክፍል ፈጣሪ የምትስቂበት ያድርገው። ጓንቱ ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ።

ቆሻሻ አለሽ? ቆሻሻ! ቆይ እስቲ እኔ ልንገርሽ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ መጋዘን ስንሠራ ታምሜ አራት ቀን ቀረሁ። የሚፈታ ሰው ስላልነበረ ያለቀ ኮለን ካሳውን እንደለበሰ ቆመ። ካሳው ከኮለኑ ምልክት በላይ ትርፍ ከፍታ ነበረው። አርማታ የሚያመላልሱት ሰዎች የተረፋቸውን አንድ ጋሪ የት እንድፋው ሲሉ ክፍት ካሳ አዩ፤ እዚያው ገለበጡት። ስመለስ ፈታሁትና ምን አየሁ? ኮለኑ ከምልክቱ በላይ ሁለት ስንዝር በቅሏል! የማንም ንድፍ ላይ የሌለ ጉቶ። መሐንዲሱ "ይሄ የማን ቆሻሻ ነው?" ብሎ ጮኸ። ጉቶውን በመዶሻ መታሁለት። ልክ እንደ ኮለኑ ነው የጮኸው፤ ያው አሸዋ፣ ያው ሲሚንቶ ነው። ያልተፈታ ካሳ ዝም ብሎ አይቆምም ልጄ፣ ያገኘውን ይሠራል።

ስለዚህ ያንን ቁርጥራጭ ምቺው። በምን እንደሚመታ አንቺ ታውቂያለሽ። ፈቺውን መልሺለትና እዪ፤ ቆሻሻ ከሆነ ፈቺ መጣ አልመጣ ምን ገዶት!

የኔን ደግሞ ስሚ። ቶሎ ቶሎ ገና ሦስተኛው ፎቅ ሳይሞላ "ሶሌታው በተሞላ በስምንተኛው ቀን ፑንቴሎው ይነቀላል፣ እንጨቱ ለአራተኛው ይፈለጋል" ብሎ አስለፍፏል። ሶሌታ ማለት ከላይ የተኛው ወለል ነው፤ ፑንቴሎዎቹ እስኪጠነክር ከሥር ይሸከሙታል። እኔ የማውቀው ሃያ አንድ ቀን ነው። በስምንት ቀን ማለት የአራስ ልጅ እናት ተነሽና ውኃ ቅጂ እንደማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ሰው ይሠራል።

እስቲ ንገሪኝ፣ በሴል ውስጥ ፈቺውን ፍታ ብሎ የሚያዘው ማነው? እዚያም ቶሎ ቶሎ አለ?

አጎትሽ

*

ጥር 6 ቀን

ለአጎቴ፣ ለአባቴ ምትክ፤

በሁለት ወር ተኩል ዝምታዬ ስንቴ እንደረገሙኝ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። የጠፋሁት ስመታው ስለከረምኩ ነው።

መታሁት አጎቴ! ፈቺውን ባሳነስኩ ቁጥር ቁርጥራጩ በዛ። ፈቺውን መለስኩለት፣ ድራሹ ጠፋ። ፕሮቲን ነው፣ ከዚያው ከፕሮቲኑ አሸዋና ሲሚንቶ የተሠራ። ያልተፈቱት ሪቦዞሞች ክሩ ጫፍ ላይ ተከምረው፣ አንዳንዶቹ ከ"አቁም" ወዲያ ተንሸራተው እንደገና መሥራት ይጀምራሉ። ኮለኑ ላይ የበቀለው ጉቶ ማለት ነው። እርስዎ ከሃያ ዓመት በፊት በዐይንዎ ያዩትን እኔ ስምንት ጊዜ እጄን ታጥቤበታለሁ።

ለጥያቄዎ፦ እዚያ ቶሎ ቶሎ የለም። ፈቺውን ማንም አያዘውም። መግባት የሚችለው ለቃቂው መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ የሚገፋውም እሱን ተደግፎ ነው። ሥራው ሳያልቅ ቢመጣ የሚይዘው ቦታ አያገኝም። ዐይን የላት፣ ጆሮ የላት፣ አንዲት እርሾ እንኳ ያላለቀ ነገር አትፈታም።

አሁን ደግሞ የተቃጠልኩበትን ልንገርዎት። ውጤቱን ሳሳየው ፕሮፌሰሩ ምን አለ? "እኔማ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር።" ጠርጥሬ! እሺ፣ ይሁን አልኩ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የረዱ ሰዎች የሚመሰገኑበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ "ያልተፈታ ካሳ ምን እንደሚሠራ ላስረዱኝ ለአጎቴ፣ ለካሳ ፈቺው" ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ብዕር ሰረዘው። "ይሄ የሠርግ ንግግር አይደለም። ካሳ ፈቺ የሚባል ሙያም አላውቅም" አለኝ። እሱ የሚቀመጥበት ቤት በምን የቆመ መስሎታል? ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ከሱ ይልቅ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ያናደድኩኝ።

ስለ ሶሌታው ግን ምንም አልጻፉልኝም። ተሞላ? ምን ተደረገ?

የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 21 ቀን

ለልጄ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ የሚጠሉሽ ይጥፉ። ይህን የምጽፍልሽ ከሶሌታው ሥር ተቀምጬ ነው። አትደንግጪ።

ጥር 9 ተሞላ። ጥር 17 ቶሎ ቶሎ መጣና "ንቀል" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ደስ አለው። "እነቅላለሁ፣ አንተ ግን እኔ ስነቅል እዚህ መሃል ላይ ቁምልኝ" አልኩት። ሰዓቱን አየ። "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፦ "ሥራው ስለተጠናቀቀ ተሰናብተዋል።" የቱ ሥራ ነው የተጠናቀቀው? አናቴ ላይ ያለው እንኳ ገና አልደረቀም!

ሌሎች ነቃዮች እንደሚያመጣ አወቅሁ። ከሥር ሰባት ሰዎች ግድግዳ ይለስናሉ። ወረቀቴን ይዤ ቤቴ ብሄድ ማን ይፈርድብኛል? ማንም። ግን እንቅልፍ የት አባቱ ይመጣል? ተመለስኩ። ዘበኛው "ወረቀትህ እኮ አልቋል" አለኝ። "እግሬ አላለቀም" ብዬው ገባሁ። የቀለም ጣሳ ገልብጬ፣ ጀርባዬን መሃለኛው ፑንቴሎ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ይሄው አራተኛ ቀኔ ነው። ፑንቴሎውን የሚነቅል መጀመሪያ እኔን ይንቀል።

ደብዳቤሽን ትናንት እናትሽ እዚሁ ድረስ ይዛልኝ መጣች፣ ስድብና ብርድ ልብስ ጨምራ። ለሳኞቹ "እስቲ አንብብልን" አሉኝ፤ አነበብኩ። እርሾዋ ያላለቀ አትፈታም የሚለው ጋ ስደርስ አጨበጨቡ። ነገሩ ከሥሩ እንዲገባቸው የጥቅምቱንም ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ማቀዝቀዣ ክፍሉን ጨምሮ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ እንደነበር ያየሁት አንብቤ ስጨርስ ነው። አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ ምን ልበልሽ! እሷን አንቺው ተወጪያት።

ለሳኞቹ ግን በፕሮፌሰርሽ ተነሡበት። አለቃቸው ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ እጁ አልረሳም። ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ንጹሑን ወረቀት ቀዶ ጻፈው። አብሬ ልኬልሻለሁ። አስተርጉመሽ ስጪው። ብትደብቂው ተጣላን።

አጎትሽ

(ከደብዳቤው ጋር የተላከው)

ለ፦ ፕሮፌሰሩ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያላግባብ የተሰረዘ ምስጋናን ይመለከታል

እኛ በዚህ ማመልከቻ ግርጌ በአውራ ጣታችን የተገለጽን ሰባት ለሳኞች፣ ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ ቅሬታ ስላለን የሚከተለውን እናቀርባለን። ክቡርነትዎ "ካሳ ፈቺ የሚባል ሙያ አላውቅም" ማለትዎን ሰምተናል። አለማወቅ ወንጀል አይደለም፤ አሁን ስላሳወቅንዎ ግን ከእንግዲህ አላወቅሁም ማለት አይችሉም። ሙያው ባይኖር ኖሮ ይህ ማመልከቻ አይደርስዎትም ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ሶሌታ ሥር ነን። ስለሆነም የተሰረዘው መስመር ወደ ነበረበት እንዲመለስ፣ ልጅቱም እጇን እንድትታጠብ ዳግመኛ እንዳትጠየቅ በትሕትና እናመለክታለን።

*

የካቲት 4 ቀን

ለአጎቴ፤

በመጀመሪያ፦ አሉ? ሰላምታውን፣ ምርቃቱን ሁሉ ይተዉትና ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ሃያ አንደኛው ቀን ጥር 30 ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ስልክዎ አይጠራም። እናቴ ጋ ስደውል "ደህና ነው፣ አንቺ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተሽ ስታለቅሺ እኔ ሞቼ ነበር?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ደህና ነው ማለት ተቀምጧል ነው? ወይስ ሌላ ነገር ሸሽጋኝ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነዎት! አንድ ሰው እንዴት ስንት ኩንታል የተሸከመ እንጨት ሥር ይቀመጣል? በፕሮፌሰሩ ስበግን ከርሜ፣ ዛሬ በእርስዎም በገንኩ።

ማመልከቻው ደርሶኛል። ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፣ አልዋሽም፣ አፍሬ። ሦስተኛው ቀን ላይ ያፈርኩት በማን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁና ፊቴ ጋለ። ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ምንድን ነው?" አለኝ። አንድ በአንድ ተረጎምኩለት፣ "ባሉበት" የሚለውን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ግራጫዎቹን አሻራዎች በጣቱ ነካ አደረጋቸው። "ቀለሙ ምንድን ነው?" አለ። "ሲሚንቶ ነው" አልኩት። ጣቱን አየና ሱሪው ላይ ጠረገው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እንዳይመስልዎት። "መስመሩን መልሺው" ብቻ አለኝ።

መለስኩት። ጽሑፉ ለኅትመት ስለሄደ አሁን ማንም ሊሰርዘው አይችልም። እርስዎ ግን ካልጻፉልኝ መስመሩ ለማን ነው?

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 16 ቀን

ለልጄ፤

አለሁ። ሙሉ ነኝ። ስልኬ ነው የሞተው፤ እንዴት እንደሞተ ልንገርሽ።

ደብዳቤውን በላክሁልሽ በሦስተኛው ቀን ቶሎ ቶሎ አራት ነቃዮች አመጣ። እኔ መሃል ነኝ፣ አንድ ሰው ነኝ። ከወዲያኛው ጥግ ጀመሩ። አንድ ነቀሉ፣ ሁለት ነቀሉ። ሦስተኛው ሲወጣ ሶሌታው ተናገረ። ጧ! አለ። አንዴ ብቻ። አቧራው አናታችን ላይ ዘነበ፣ አንዲት የድንጋይ ፍንጣሪ ስልኬን አገኘችው። ነቃዮቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ቶሎ ቶሎ ድሮውንም ከአጥሩ ውጪ ነበር። እኔና ሰባቱ ለሳኞች ሮጠን ሦስቱንም ፑንቴሎ መልሰን ተከልን።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሳኞቹ ልስኑን አቁመው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፑንቴሎ ይዘው ተቀመጡ። አንዱ "እኔ እኮ በሕይወቴ እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም" እያለ ያስቀን ነበር። እናትሽ በየቀኑ እየመጣች ስምንታችንንም ትሰድበናለች፣ የሚበላ ግን ይዛ ነው። ቶሎ ቶሎ ሌላ ነቃይ ቢፈልግ አጣ። ወሬው በየሳይቱ ደርሷላ።

ጥር 29 ላይ ሰው ላከብኝ። በሚያሠራው በሌላው ሕንፃ ሙያውን በማያውቅ ሰው ያስፈታው ካሳ ሁሉ ተሰባብሮበታል፣ ለአራተኛው ፎቅ ጣውላ የለውም፤ ና ተመለስ ነው ነገሩ። ሲቸግረው ሙያዬ ትዝ አለው! ማኅተም ያለበት አዲስ ወረቀት ይሁንልኝ አልኩ፣ "ሶሌታ በሃያ አንድ ቀን" የሚል ተጽፎበት። ጻፈ።

በማግስቱ ጓንትሽን አጥልቄ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ ፈታሁ። ለሳኞቹን አስወጣኋቸው። የመጨረሻዋ ስትቀር ቶሎ ቶሎን ጠራሁት። "ያኔ ቁምልኝ ያልኩህ ቦታ እዚህ ነው። ና።" ሰው ሁሉ አየው። መጣ። አጠገቤ ቆመ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ለፍርሃቱ አልሳቅሁበትም፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ነቀልኩ። ዝም አለ ሶሌታው። ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ዝም።

ይሄኔ ቶሎ ቶሎ ላቡን ጠረገና ምን አለኝ መሰለሽ? "አየህ? ምንም አልሆነም እኮ።"

ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። አሥራ ሦስት ቀን የተቀመጥኩባትን ጣሳ አነሣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኳት። "ምንም ያልሆነው ሰው ስለነበረ ነው" አልኩት። ሄጄ ሚስማሬን መንቀል ጀመርኩ።

ለፕሮፌሰርሽም እንደዚያው ብለሽ አስተርጉሚለት።

አጎትሽ፣ ካሳ ፈቺው